የርቢዋ ላምና የሳሙኤል ጥያቄ

ከይፋግ ተነሥቼ በወረታ አጠገብ ወዳለ መንደር በሙሽርነት ስሄድ እናቴ በጆሮዬ የነገረችኝ፣ አማትሽ ፊት ድምፅሽ እንዳይሰማ የሚል ነበር። መፍጨቱን፣ መፍተሉን፣ ባል መያዙን ስትደርሽበት ታውቂዋለሽ ብላ ተወችው። ልማዱ በሁላችንም ቤት ነበረ። ምራት የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ ክርስትና እስክታስነሣ ድረስ ለባሏ አባት ቃል አታወጣም፤ ልጁ ሲነሣ አማትየው ይመርቋትና «እንግዲህ አውሪ ልጀ» ይሏታል። የብዙዎቹ ጓደኞቼ አፍ ዓመት ሳይሞላ ተፈታ። እኔ ልጅ ዘገየብኝ። ክረምት በክረምት ላይ ተደረበ፣ እኔም ዝም እንዳልሁ ቀረሁ።

ዝም አልሁ ስል ዲዳ ነበርሁ ማለቴ አይደለም። ባሌ ፊት አፌ አያርፍም፤ ዶሮዎቹን እሳደባለሁ፣ ከብቶቹን እመክራለሁ፣ ወንዝ ወርጄ ከሴቶቹ ጋር ስሥቅ ድምፄ ከማዶ ይሰማል። የአማቴ እግር ደጃፉን ሲረግጥ ግን ቃሉ ከጉሮሮዬ ይመለሳል። የጠየቁኝ እውነት እንደሆነ ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ አደርጋለሁ፤ ካልሆነ ዝም እላለሁ። የሚጠጣ ሳቀርብላቸው ዋንጫውን በጥፍሬ መታ መታ አደርጋለሁ፣ እጃቸውን ይዘረጋሉ። የባሌ እናት እኔ ሳልመጣ ሞታ ስለነበር ቤቱ ውስጥ የነበርነው እሳቸው፣ ልጃቸውና እኔ ብቻ ነን። ጊዜው በእኛ አቈጣጠር አርባዎቹ አልቀው ሃምሳዎቹ የገቡበት ነው።

አማቴ ገበሬ ነበሩ፤ ቄስም አይደሉም፣ ሹመትም የላቸውም። ልጅነታቸውን በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ስላሳለፉ ግን ያነባሉ። በዚያ ሜዳ ሁለት ሰው ሲጣላ መጀመሪያ የሚታሰቡት ዳኛ እሳቸው ነበሩ። ሰው በስማቸው አይጠራቸውም፤ «ሳሙኤል» ይላቸዋል፣ በነቢዩ። ስሙን ያወጣላቸው በየዓመቱ ሰኔ ላይ የሚያደርጉት ነገር ነው። ነቢዩ ሳሙኤል በሚታሰብበት ቀን ቅዳሴ ሲያልቅ ደጀ ሰላሙ ፊት ይቆማሉ፤ ኩታቸውን ያደገድጋሉ፤ መዳፋቸውን ለሰው ዘርግተው ይጠይቃሉ። የማን በሬ በቤቴ ታስሯል? የማን አህያ በጓሮዬ ይግጣል? ማንን ገፋሁ? ዓይኔን የሚያስጨፍን ነገር በእጄ ያስጨበጠኝ ማን ነው? ሕዝቡም በአንድ አፍ «ምንም አልወሰዱብንም» ይላል፤ እሳቸውም ኩታቸውን መልሰው ወደ እርሻቸው ይሄዳሉ። ነቢዩ ይህን ያደረገው ካረጀ በኋላ ነው። አማቴ ግን ጎልማሳ ሳሉ ነው የጀመሩት አሉ፤ እስኪያረጁ መጠበቅ አላስቻላቸውም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ መደብ ላይ ቁጭ ብለው የነቢዩን ታሪክ ለልጃቸውና ለመጣው እንግዳ ይተርካሉ። እኔ ከጓዳው መጋረጃ ኋላ ሆኜ እሰማለሁ። ስለ እናቱ ስለ ሐና ሲናገሩ፣ ልጅ አጥታ ስታለቅስ፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ድምፅዋ አልሰማ ሲል፣ ካህኑ ዔሊም ሰክራለች ብሎ ሲቆጣት፣ ሳላስበው አፌን በእጄ እይዛለሁ። ልጅም የለኝ፣ ድምፅም የለኝ። የሚያሙኝ ይመስለኝና ደሞ በራሴ እሥቃለሁ። ከዚያ ልጁ ይወለዳል፣ ለእግዚአብሔር ቤት ይሰጣል፣ በዔሊ እጅ ያድጋል፣ ሸምግሎም በየአገሩ እየዞረ ይፈርዳል።

«ንጉሥ የቀባ ነው፣ ንጉሥም የሻረ ነው» ይላሉ አማቴ። «እኔ የምወደው ግን ለዚህ አይደለም። ዕድሜውን ሲፈርድ ኖሮ ባዶ እጁን ለሰው ያሳየ ስለሆነ ነው። ባዶ እጅ ማሳየት ከባድ ነው እኮ፤ እስኪ ሞክሩት!»

የነቢዩ ልጆች ጋ ሲደርሱ ግን ይፈጥናሉ። ልጆቹ በአባታቸው ወንበር ተቀምጠው መማለጃ መብላታቸውን አንድ ጊዜ ጠቅሰው፣ ወዲያው ወደ ንጉሡ መቀባት ይሻገራሉ። ያኔ ለምን እንደሚፈጥኑ አላሰብሁም። አንድ ልጅ ያለው አባት ከዚያ ቦታ ላይ ብዙ መቆየት አይወድም ይሆናል።

የእኛ ሜዳ ጠላቱም ወዳጁም ርብ ነው። ክረምት ሲሞላ ድንበር ይበላል፤ ከመስቀል በኋላ ውሃው ሲሸሽ አገሩ አንድ ወጥ ጥቁር ጭቃ ሆኖ ይቀራል። የማን ማሳ የት እንደሚያልቅ በዓይን አይለይም። ስለዚህ የቀድሞ ሰዎች ከድንበሩ ሥር ጠለቅ አድርገው ከሰል ቀብረዋል፤ ከሰል አይበሰብስም። አማቴ ጭቃው ላይ ተንበርክከው፣ ከሰሉን በጣታቸው እስኪነኩት ቆፍረው፣ ከዚያ ነው ችካል የሚተክሉት። ለዳኝነት ሲወጡ ቆሎና ውሃቸውን ከቤት ይዘው ነው፤ የተከራካሪ ሰው ጠላ አይቀምሱም። አንድ ጊዜ አንዱ ባለጉዳይ በጓሮ መጥቶ አንድ ቅል ቅቤ በእጄ አስይዞኝ ሄደ። አማቴ ሽታው ሸተታቸውና በዚያ በጠራራ ፀሐይ እንድመልስ አዘዙኝ። ሰውየው ቅሉን ተቀብሎኝ «እናንተ ቤት ቅቤ ነውር ነው?» ብሎ ተቆጣ። እኔም እያላበኝ፣ በልቤ ግን እየኮራሁ ተመለስሁ። ያን ኩራት አሁን ሳስበው ፊቴን ያቃጥለኛል።

ከዚያ ዓይናቸውን ሞራ ጋረደው። መጀመሪያ ጽሑፍ ራቃቸው፣ ቀጥሎ የሰው መልክ፣ በመጨረሻ ጨለማና ብርሃን ብቻ ቀረላቸው። ዳኝነቱን ሊተዉ ነበር፤ ሰው እምቢ አላቸው። እሳቸውም ልጃቸውን ጠርተው «ከእንግዲህ ዓይኔ አንተ ነህ» አሉት። ባሌ ተጫዋች ሰው ነበር። ለቅሶ ቤት ሄዶ እንኳ ሰው የሚያሥቅ፣ ወረታ ገበያ ወጥቶ የጎንደርን መንገድ መኪና ሲቆጥር ጨው መግዛቱን ረስቶ የሚመለስ። እወደው ነበር፤ በዚህስ አላፍርም።

በዚያ ዓመት ርብ ከወትሮው በላይ ሞልቶ ነበር። ውሃው ሲሸሽ ሁለት ጎረቤቶቻችን በድንበር ተካሰሱ። አንዱ ከብቱ ሜዳ የማይበቃው ሀብታም ነው። ሌላዋ ባሏ የሞተባት፣ ከእኔ ጥቂት የምትበልጥ ሴት ናት፤ ያላት ለም መሬት በወንዙ ዳር ያለው ብቻ ነው። ጭቃው ሳይጠና ሽንብራዋን የምትዘራው እዚያ ላይ ነው። ሀብታሙ ከብቶቹን ወደ ውሃ የሚያወርድበት መንገድ ፈልጎ፣ ድንበሩ ከማሳዋ ውስጥ ነው አለ።

ነገሩ ሳይታይ በፊት አንድ ቀን ባሌ አንዲት ላም ከነጥጃዋ እየነዳ መጣ። ነጭና ጥቁር ዝንጉርጉር፣ አንድ ቀንዷ ወደ ታች የታጠፈ፣ ጡቷ ከጉልበቷ የሚደርስ። ለአባቱ «ካንበሳሜ ሰው በርቢ የተቀበልኋት ናት» አላቸው። ርቢ የቆየ ልማዳችን ነው፤ ከብት የበዛበት ሰው ላሙን ሳርና ጉልበት ላለው ቤት ይሰጣል፣ ወተቷ ለጠባቂው ይሆናል፣ ጥጃዋን ይካፈላሉ። በሜዳው የርቢ ከብት የሌለበት ደጅ አይገኝም ነበር። አማቴ ላሟን በእጃቸው ዳበሷት፤ ደስ አላቸው። እኔም ደስ አለኝ።

የድንበሩ ቀን አማቴ ከማሳው ራቅ ብሎ ካለው ዋርካ ሥር ተቀመጡ፤ ጭቃው ውስጥ መግባት አይችሉም። ባሌ ዶማውን ይዞ ገባ። የሆነውን በኋላ ከሰው ሰምቻለሁ። ቆፍሮ ቆፍሮ ቀና አለና «አገኘሁት!» ብሎ ጮኸ። አማቴም ከዋርካው ሥር «በጣትህ ነካኸው?» አሉ። «ነካሁት አባቴ!» አለ። ሴትዮዋ «ኧረ ከሰሉ ከዚያ ወዲያ ነው አባቴ፣ ባሌ አሳይቶኛል» ብትል፣ «ልጀ ነክቶታል እኮ» አሏት። ችካሉ ከማሳዋ ውስጥ ተተከለ። እሷም እግራቸውን ስማ ሄደች፤ በሳሙኤል ፍርድ ማን ያጉረመርማል?

ከጥቂት ቀን በኋላ ጠዋት ላሟን እያለብሁ ሳለ ያች ሴት እሳት ልትጭር መጣች። እሳቱን አልጠየቀችም። ቆማ ላሟን አየቻት፤ ቀንዷን አየች፣ እኔን አየች።

«ለመደቻችሁ?» አለችኝ።

«ማን?» አልኋት።

«ላሚቱ። ከነዚያ ከባለ ከብቱ ቤት ሳለች ከሚስቱ በቀር ሌላ ሰው አታስጠጋም ነበር፤ ረጋጭ ናት። አንችን ግን ወደደችሽ።» ከዚያ እሳቷን ጭራ ሄደች። አልተሳደበችም፣ ፊቷም አልጠቆረም።

ወተቱ ማለቢያው ውስጥ አረፋ እየሠራ ነበር። እጄ ከላሟ ጡት ላይ ቀረ። ገላዬን ከላይ እስከ ታች አንድ ሙቀት ወረደብኝ፤ ያን ሙቀት ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ እንዳየሁት እኔ ነኝ የማውቀው። ሰው ራቁቱን ገበያ መሀል ቢቆም እንደዚያ የሚያፍር አይመስለኝም። ላሚቱ የሀብታሙ ናት፤ የአንበሳሜ ሰው የሚባል የለም፤ ድንበሩም ተሸጧል። ይህን የሚያውቀው አገሩ ሁሉ ነው፤ እኔ ከብቱ በዝቶብኝ አላወቅኋት እንጂ ያንን ቀንድ የማያውቅ የለማ።

ባሌን ማሳ ድረስ ሄጄ ጠየቅሁት። ሣቀ።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» አለኝ።

«የተሾሙት አባትህ ናቸው» አልሁት።

«እኔ ዓይናቸው ነኛ። ዓይን አይበላም ያለሽ ማን ነው?» አለና ደግሞ «ሰው ላም አለኝ በሰማይ ይላል፣ ወተቷንም አያይም። ያንች ላም ከደጅሽ ናት። ምን ጎደለሽ?» አለ። አልሣቅሁለትም። ያኔ ፊቱ ተለወጠ፤ እርፉን ለቀቀና ዝቅ ብሎ «ብትነግሪያቸው ይሞታሉ» አለኝ።

ይህ ነው ያሰረኝ። ልማዱ አፌን ይዞታል፣ ይህ ደግሞ ልቤን ያዘው። መናገር ብፈልግስ እንዴት እናገራለሁ? ያለኝ ትንፋሽ ነው። እሳቸው «ይህች ላም የሀብታሙ ናት ወይ?» ብለው ካልጠየቁኝ ወደ ውስጥ የምስበው ትንፋሽ ምን ይሠራል? እሳቸው ደግሞ አይጠይቁም፤ ልጃቸውን ያምናሉ። ስለዚህ ወተቱን በዋንጫ እሞላለሁ፣ በጥፍሬ መታ መታ አደርጋለሁ፣ እጃቸውን ይዘረጋሉ፣ እስከ ጭላጩ ይጠጣሉ። «የተባረከች ላም ናት» ይላሉ። «ባለቤቷንም ይባርከው።» ጉንጫቸው ሞላ፤ የሽማግሌው ወዘና ተመለሰ። እኔ ከመጋረጃው ኋላ ተሸሽጌ ምርቃቱን እሰማለሁ።

ዐቢይ ጾም ሲገባ እፎይ አልሁ፤ ሰው ጾም ገባልኝ ብሎ እንደኔ የተደሰተ አይኖርም። የፋሲካ ዕለት ግን የመጀመሪያውን ዋንጫ ሳቀርብ ኩታቸው ላይ አፈሰስሁት። «አይዞሽ ልጀ» አሉኝ፤ «ከጾም ሲወጣ ሁሉም ይቸኩላል።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። በመንደሩ የማያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ውሃ ስቀዳ ሴቶቹ ጨዋታቸውን ያቆማሉ፤ እንስራዬን የሚያሸክመኝ ይጠፋል። አንዷ ልጇ ወተት ወተት እያለ ሲያለቅስባት «ዝም በል፣ ወተቱ ከሳሙኤል ቤት ነው» ስትለው በጆሮዬ ሰማሁ። የመበለቲቱ ሽንብራ ከቀራት መሬት ላይ በቅሎ እንደ ሰው ፀጉር ሳስቶ ነበር፤ በዚያ በኩል ላለማለፍ ዙሪያውን ጥምጥም ብዬ እሄዳለሁ።

ሰኔ ደረሰ። የነቢዩ ቀን እየቀረበ ሲመጣ ባሌ ለአባቱ «ዘንድሮ ይቅርብዎ፣ ዝናብ ነው፣ ዓይንዎም» አላቸው። «ሳሙኤል ሲያረጅ ነው የጠየቀው» አሉና ተነሡ። እጃቸውን ይዟቸው ሄደ፣ እኔም ከኋላ ተከተልሁ።

ቅዳሴው አልቆ ሰው ከዛፎቹ ሥር ቆመ። አማቴ አደገደጉ፤ መዳፋቸውን ዘረጉ፤ የማያይ ዓይናቸውን ወደ ሰው አቅንተው ጠየቁ። የማን በሬ? የማን አህያ? ማንን ገፋሁ? ማን አስጨበጠኝ?

መልሱ መጣ፤ ዘግይቶ ግን። ሌላ ጊዜ ጥያቄው ሳያልቅ ነበር የሚቀበሏቸው። አሁን አንዱ እዚህ «ምንም» አለ፣ ሌላው እዚያ «አልወሰዱም» አለ፣ ቀሪው መሬት መሬት አየ። አማቴ ዕድሜያቸውን ሁሉ የሰው ድምፅ ሲመዝኑ የኖሩ ሰው ናቸው። አንገታቸውን ወደ አንድ ወገን ዘንበል አደረጉ።

«ያች ባሏ የሞተባት ልጀ አለች?» አሉ።

«አለሁ አባቴ» አለች።

«መሬትሽን ወስጀብሻለሁ?»

ሴትዮዋ ነጠላዋን በአፏ ላይ አደረገች። እሳቸውን አየቻቸው፤ የተዘረጉትን እጆች አየች። «አልወሰዱብኝም አባቴ» አለች። እግዜር ይይላት፣ ለእሳቸው ብላ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ዋሸች።

«ድምፅሽ እንደሱ አይልም» አሉ። «ከናንተ መካከል የሚነግረኝ ሰው የለም? አንድ ሰው የለም?»

ባሌ ክንዳቸውን ሳብ አደረገና «አባቴ፣ ዝናቡ መጣ፣ እንሂድ» አላቸው። እግራቸውን ሊያነሡ ነበር። እንዲያ ሆነው፣ መዳፋቸው ባዶ መስሏቸው፣ ሊሄዱ ነበር።

«ላሚቱ የርቢ አይደለችም!» የሚል ድምፅ በሴቶቹ በኩል ተሰማ። «የባለ ከብቱ ናት! ካንበሳሜ አይደለችም!» ከፈለግሁት በላይ ጮኸ። የኔ ድምፅ መሆኑን ያወቅሁት ሰው ሁሉ ወደኔ ሲዞር ነው።

አማቴ ፊታቸውን ወደ ድምፁ መለሱ። «ይች ማን ናት?» አሉ።

ሰዎቹ እኔንና ባሌን አፈራርቀው አዩ።

«የማን ቤት ናት? አላወቅኋትም። ድምፅዋን ሰምቸው አላውቅም።»

ያን ሁሉ ክረምት በአንድ ጣሪያ ሥር ኖረን፣ በእጄ ጠጥተው፣ በእጄ ታጥበው፣ ማን ናት አሉ። ልናገር ብል አፌ እንደገና ተዘጋ። ባሌ አቀርቅሯል። ለእኔ የተናገረችልኝ ያችው መበለት ናት፤ «የርስዎ ምራት ናት አባቴ» አለቻቸው፣ ቀስ ብላ፣ በሽተኛ እንደምታስነሣ ሰው።

አማቴ ክንዳቸውን ከልጃቸው እጅ አወጡ። አልጮኹም፤ ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። በዱላቸው መሬቱን ዳበስ ዳበስ አድርገው እርጥቡ ሣር ላይ ተቀመጡ። «የጠጣሁት የሰውየውን ወተት ነው?» አሉኝ። ከልማድ የተነሣ ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብሁ፤ ከዚያ ከሩቅ እንደማይሰማቸው አስታወስሁና «አዎ» አልሁ። የተዘረጉ መዳፎቻቸውን አጥፈው በኩታቸው ውስጥ ደበቋቸው።

በማግስቱ ላሚቱን ከነጥጃዋ ራሳቸው ገመዷን ይዘው፣ በቀን፣ ሰው እያያቸው ወደ ሀብታሙ ደጅ መለሷት። ሽማግሌዎች ችካሉን ነቅለው ሴትዮዋ ካለችው ቦታ ላይ ቆፈሩ፤ ከሰሉ ወጣ። መሬቷ ተመለሰላት። ባሌ ወረታ ወርዶ ጭነት ሲያራግፍ ከረመና ከስቶ ተመልሶ መጣ፤ ኋላም ልጆች ወለድን። አባቱ ይቅር አሉት እንጂ ከዚያ ወዲያ ዓይኔ ብለውት አያውቁም።

ሰዎች ደፋር ናት አሉኝ። ሴቶቹ እንስራዬን እንደገና ያሸክሙኝ ጀመር። እኔ ግን ከወተቱ ዘመን ይልቅ ያፈርሁት ያኔ ነው። አማቴ የእግሬን ኮቴ ሲሰሙ አንገታቸውን ይደፉ ነበር። በቤታቸው ጥላ ሥር ያኖሯት ምራት የመጀመሪያ ቃሏ ውርደታቸው ሆነ። ትክክል ማድረጌን አውቃለሁ፤ ያም ሆኖ አፈርሁ። እሳቸው አይናገሩኝም፣ እኔም ወደ ዝምታዬ ተመለስሁ። ዋንጫውን በጥፍሬ መምታቱን ጀመርሁ።

ክረምቱ ገፋ፤ የሐዋርያት ጾም ተፈታ። አንድ ቀን ከቅዳሴ መልስ የአገር ሽማግሌዎች ወደ ቤታችን መጡ። ብዙ ሳል ሳሉ፣ ስለ ዝናቡ አወሩ። በመጨረሻ አንዱ ደፍሮ «እርስዎ አርጅተዋል፤ ልጅዎም በእርስዎ መንገድ አልሄደም» አላቸው። «እንደ ሌላው አገር እኛም ከመንግሥት አጥቢያ ዳኛ ይሾምልን ብለን ወረታ ልናመለክት ነው።»

አማቴ ሣቁ። ከሰኔ ወዲህ ሲሥቁ የሰማሁት ያኔ ነው። «ለሳሙኤልም ያሉት ይኸንኑ ነው» አሉ። «ቃሉን እንኳ ለወጥ አላደረጋችሁትም።» ከዚያ መርቀው ሸኟቸው።

ሰዎቹ ሲወጡ ዋንጫ ይዤ ከመጋረጃው ወጣሁ። በጥፍሬ ልመታ ስል «ተቀመጭ» አሉኝ። መሬት ላይ ተቀመጥሁ።

«ዔሊን ታውቂዋለሽ?»

ትንፋሼን ሳብሁ።

«በአፍሽ።»

«አዎ» አልሁ።

«ስለ ልጆቹ ክፋት እግዜር ለሕፃኑ ለሳሙኤል ነገረው። ሕፃኑ ለዔሊ መንገሩን ፈራ። ዔሊ ዓይኑ ፈዟል፣ ልጆቹ በድለዋል፤ ግን ሕፃኑን ጠርቶ ምን ተነገረህ፣ አትደብቀኝ አለው። እኔ ዕድሜየን ሙሉ ስተርከው ዔሊን እንደ ሞኝ ነበር የምቆጥረው። ለካ ይበልጠኛል። እሱ ጠይቋል።» ዱላቸውን በእጃቸው አዟዟሩት። «እኔ በየዓመቱ ደጀ ሰላም ቁሜ አገሩን ስጠይቅ፣ ከቤቴ ያለችውን ሰው አንድ ቀን አልጠየቅሁም። አውሪ አላልሁሽም። ልጅ ውለጅና ታወሪያለሽ ብየ ነው። ያፈርሁብሽ መስሎሻል አይደል? እኔ ያፈርሁት በራሴ ነው ልጀ።»

ሽማግሌ ለምራቱ አፈርሁ ሲል ሰምቼ አላውቅም። እሳቸው ግን እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው፣ ሳልወልድ፣ ክርስትና ሳላስነሣ፣ «እንግዲህ አውሪ» ብለው መረቁኝ። ከዚያ እጃቸውን እንደ ወትሮው ለዋንጫው ዘረጉ።

«ምን ይዘሽልኛል?» አሉ።

ጾሙ ተፈትቷል፤ በየቤቱ ሰው ወተት እየጠጣ ነበር። የእኛ ደጅ ባዶ ነው።

«ውሃ ነው አባባ» አልኋቸው።

ተቀበሉኝ፤ ያን ወተት ይጠጡት እንደነበረው እስከ ጭላጩ ጠጡት። ባዶውን ዋንጫ ስቀበላቸው ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልሁም፤ እንደማያዩኝ እያወቅሁ።